በጆሮ የገባሁባቸው ከተሞች፦ የስድስት ወር ማስታወሻ ከጅማ

ፓስፖርት የለኝም። ከጅማ ወጥቼ ያየሁት ትልቅ ከተማ አዲስ አበባን ብቻ ነው። ግን ከስድስት ወር ወዲህ ማታ ማታ አንድ ሰዓት እየመደብኩ የሰው አገር ከተማ አጠናለሁ። መጀመሪያ ሙዚቃውን፣ ከዚያ ካርታውንና ፎቶውን፣ በመጨረሻ ታሪኩን። እንዴት እንደምሠራ የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ እስካሁን የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ወር ባከነ። አምስት ከተማ በአንዴ ይዤ ተነሳሁ። ደብተሬ ሞላ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ግን አንድም የቀረ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ለአንድ ከተማ ሁለት ወር ሰጠሁ።

በፖርቱጋል ዋና ከተማ በሊዝበን ጀመርኩ። የከተማዋ ዘፈን ፋዶ ይባላል። አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ሳላነብ አዳመጥኩ። ከሥራ ወጥቼ ከፈረንጅ አራዳ ወደ ቤት ስሄድ ኤርፎኑ ጆሮዬ ላይ ነው። የፖርቱጋል ጊታር 12 ክር አለው፤ ክሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣምደዋል። ጥንዶቹ አብረው ሲመቱ ድምፁ ውሃ ላይ እንዳረፈ ብርሃን ይርገበገባል። ዘፋኟ ትንፋሽ ስትወስድ ጊታሩ ቶሎ ይቀበላታል። ይህን ለመለየት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። የጠቀመኝ ዘዴ ቀላል ነው፦ ድምጿን ትቼ ጊታሩን ብቻ መከተል፣ በማግስቱ ደግሞ ጊታሩን ትቼ እሷን ብቻ።

ቤት ውስጥ የሰሙ ሁሉ «ይኼማ ትዝታ ነው» አሉኝ። እኔም እንደዚያው መሰለኝ። ፖርቱጋሎች ሳውዳዴ የሚሉት ናፍቆት ልብ ላይ የሚያርፈው እንደኛው ነው። ግን የእኛ ትዝታ ስሜት ብቻ አይደለም፣ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝትም ነው። ፋዶ በዚያ ቅኝት አይሄድም። ሁለቱን አስከትዬ ስሰማቸው ልዩነቱ ቁልጭ አለልኝ። «ይመሳሰላል» ብዬ ባልፍ ኖሮ ሊዝበንን ሳይሆን የራሴን አገር ሰምቼ እቀር ነበር።

ታሪኩ ላይ ስደርስ ሌላ ስህተት ሠራሁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1755 ጠዋት ሊዝበን በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ቀኑ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ሰው ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል፣ ሻማ በርቷል። ከፍርስራሹ የሸሸው ወደ ወንዙ ዳር ወረደ፤ እዚያ ደግሞ ማዕበል ጠበቀው። እሳቱ ለቀናት ነደደ። ይህን ሳነብ የፋዶ ሐዘን ከዚህ የመጣ ነው ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ኋላ ዓመቱን ሳይ አልገጠመም። ፋዶ የሚታወቀው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ ነው። ዝነኛዋ የመጀመሪያ ዘፋኝ ማሪያ ሴቬራ የተወለደችው በ1820 ነው። ከእንቅጥቅጡ 65 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዛሬም ሴት ዘፋኞች ጥቁር ሻሽ ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት እሷን ለማሰብ ነው ይባላል። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ዘፈን አጠገብ ዓመት እጽፋለሁ። ጆሮ ይመራል፣ ዓመቱ ያርማል።

ካርታው ላይ ደግሞ ሁለት ሊዝበን አለ። መሃሉ፣ ባይሻ የሚባለው፣ ከአደጋው በኋላ በንጉሡ ሚኒስትር በማርኬስ ደ ፖምባል አመራር የተሠራ ነው። መንገዱ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። ሕንፃዎቹ ግድግዳቸው ውስጥ የእንጨት አጥንት አላቸው፤ ናሙና ተሠርቶ ወታደሮች ዙሪያውን መሬት እየረገጡ ፈትነውታል ይባላል። ከጎኑ ያለው አልፋማ ግን በአብዛኛው ከአደጋው ተርፎ አሮጌ መልኩን እንደያዘ ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ደረጃ በደረጃ። አንድ እሁድ ፋዶውን ከፍቼ ወደ ጅሬን ዳገት ወጣሁ። እግሬ ሲደክም አልፋማ ገባኝ። ፋዶ ቤት ውስጥ ዘፈኑ ሊጀመር ሲል መብራት ይደበዝዛል፣ ሰውም ዝም ይላል። እኔ ሰፈር መብራት የጠፋ ማታ በሻማ አዳመጥኩት። እስካሁን ከሰማሁት ሁሉ ያ ማታ ይበልጣል።

ከዚያ የአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ ብዙም አልያዘችኝም፤ ምናልባት ታንጎን ዳንሱን እየተመለከትኩ ስለጀመርኩት ይሆናል። የያዘኝ ባንዶኔዮን ብቻ ነው። ከጀርመን የሄደ፣ አኮርዲዮን የሚመስል መሣሪያ ሲሆን ብዙዎቹ ቁልፎች ሲሳብ አንድ ድምፅ፣ ሲጨመቅ ሌላ ድምፅ ይሰጣሉ። ላ ቦካ የሚባለው የወደብ ሰፈር ቤቶች ደግሞ ቆርቆሮ ናቸው፣ በደማቅ ቀለም የተቀቡ። አንድ ቀን እመለስበታለሁ።

አሁን ካይሮ ላይ ነኝ። ካይሮ ስል ዝነኛዋን ግብፃዊት ዘፋኝ ኡም ኩልሱምን ማለቴ ነው። ለብዙ ዓመታት በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ማታ ኮንሰርቷ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። አንድ ዘፈን አንድ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አንዷን ስንኝ ደጋግማ፣ እየለዋወጠች ትላለች፤ አዳራሹ ይጮኻል፣ እንደገና ትመልሳለች። እ.ኤ.አ. በ1964 በመሐመድ አብደል ወሃብ ዜማ የዘፈነችውን «ኢንታ ኦምሪ» ሦስት ቀን ከፋፍዬ ነው የጨረስኩት።

ጎረቤታችን ያሉ አዛውንት፣ የድሮ ቡና ነጋዴ፣ ድምፁን በመስኮት ሰምተው ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይህችን ከየት አገኘሃት?» አሉ። በወጣትነታቸው የካይሮን ሬዲዮ በሞገዱ ሹክሹክታ መሃል ያዳምጡ ነበር። «እንዲህ ቆራርጠህ አትስማት፤ ሐሙስ ና» አሉኝ። ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ ስልኬን ባዶ የብረት ሳፋ ውስጥ አስቀመጥነው፣ ድምፁ ጨመረ። ሐጂ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመታሉ። አረብኛውን መስመር በመስመር ይፈቱልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። አቦሉ አልቆ ቶናው ሲቀርብ እሷ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነበረች።