ቋጥኝ ስር ያገኘሁት አባት

እማዬ ዳይቪንግ፣ አየር ታንክ አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ መጀመሬን ስትሰማ "ባሕር ውስጥ ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው፣ ዋና ራሱ የተማርኩት ሳንሆዜ ከመጣሁ በኋላ ነው።

ለማንኛውም ጥር ላይ ፖይንት ሎቦስ ገባን። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከካርሜል ከተማ ትንሽ ወደ ደቡብ ነው፣ ባሕሩ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የተከለለ ነው፣ ማጥመድ ክልክል ስለሆነ ዓሦቹ ሰው ሲያዩ ብዙም አይደነግጡም። ዳይቭ የሚፈቀደው ዌለርስ ኮቭና ብሉፊሽ ኮቭ የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ሰላጤዎች ውስጥ ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞ ቦታ ተይዞ።

ውሃው 12 ዲግሪ! ዌትሱት የሚባለውን 7 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የላስቲክ ልብስ ለብሼ እንኳን በአንገቴ ሲገባ እግዚኦ አልኩ። (ሰው ሁሉ ታንኩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይመስለዋል፣ አይደለም፣ ይሄው የምንተነፍሰው አየር ነው ተጨምቆ።)

የመጀመሪያውን ዳይቭ አበላሸሁት። ወፍራም ዌትሱት ወደ ላይ ይገፋል፣ እኔ ደግሞ ወደ ታች እንዲያወርደኝ የታጠቅኩት የእርሳስ ብረት ክብደት አልበቃኝም፣ ስታገል ስታገል አየሬን ጨረስኩት፤ 10 ሜትር ላይ ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ ለአንድ ትንፋሽ የሚሄደው አየርም እጥፍ ነው፣ የጨነቀው ሰው ደግሞ ሲያለከልክ አስቡት። ምንም ሳላይ ወጣሁ።

ለሁለተኛው 2 ኪሎ ጨመርኩ። ባዲዬ፣ አብሮኝ የሚጠልቀው ጓደኛዬ፣ አንድ ቋጥኝ ጋ ወሰደኝና በእጁ እዚሁ ቆዪ አለኝ። ከሩቅ ግራጫ ድንጋይ ነው በቃ፣ መብራት ሳበራበት ግን ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሐምራዊ፣ መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ የለም፣ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ፣ የባሕር ኮከቡ፣ ጃርት የመሰለው ኧርቺን፣ የታክሲ ረዳት "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብሎ የጫናቸው ነው የሚመስሉት።

የቋጥኙ ስንጥቅ ውስጥ አንድ ሊንግኮድ የሚባል ዓሣ ተኝቷል፣ ክንዴን የሚያህል፣ ጥርሱ የሚያስፈራ። አጠገቡ የስታይሮፎም ቁራጭ የመሰለ ነጭ ነገር አለ፣ ቆሻሻ መስሎኝ ላነሳው እጄን ስሰድ ባዲዬ ክንዴን ለቀም! ለካ እንቁላል ነው። ሴቷ ጥላ ትሄዳለች፣ እስኪፈለፈል ሳምንታት ቁጭ ብሎ የሚጠብቀው ወንዱ ነው። እኔ ላይ ዓይኑን ተክሎ ንቅንቅ አላለም፣ አንዲት ትንሽ ዓሣ ጠጋ ስትል ግን ውልቅ ብሎ አባሯት ተመለሰ።

ማታ ደውዬ ለእማዬ ነገርኳት።

"እናትየዋስ?"

"ሄደች።"

ትንሽ ዝም አለችና "ብልጥ ናት" አለች።