ፍጥሞ ደሴትን እንዴት ጎበኘናት

ፍጥሞን ብዙዎቻችን ሳናያት እናውቃታለን። ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌላዊ ለግዞት ተልኮ ራእዩን ያየባት ደሴት ናት። ግሪኮቹ ፓትሞስ ይሏታል። አቴንስ ከምንኖር ሐበሾች መካከል ሄደው የተሳለሙ አሉ። ወሬያቸው ግን ሁሌም ስለ ዋሻው ብቻ ነው። ዋሻው ገብተው፣ ሻማ አብርተው፣ በቀጣዩ መርከብ ይመለሳሉ። እኔ ከአክስቴ ጋር ሄጄ ያየሁት ሌላ ነው። ዋሻው በደንብ የሚገባን ደሴቲቱን ስናያት ነው። ጊዜ ስጧት የምለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ መንገዱ። ፍጥሞ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአቴንስ የምትነሱ ከሆነ ከፒሬዎስ ወደብ ትልቁን መርከብ ትይዛላችሁ። ስምንት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው እኩለ ሌሊት ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አልጋ ሳይዙ መሄድ አያዋጣም። እኛ ለማረፊያው ባለቤት የመርከቡን ስም ቀድመን ነግረናቸው ስለነበር ወደቡ ላይ መኪና ይዘው ጠበቁን። ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ርካሹን የደርብ ቲኬት ተውት። ሌሊቱ በባሕር ላይ ይበርዳል። ከጀርመን፣ ከጣሊያን ወይም ከሌላ አገር የምትመጡ ወደ ኮስ ወይም ወደ ሳሞስ ደሴት በርራችሁ ከዚያ በመርከብ መሻገር ይሻላችኋል።

ጊዜውን የመረጥነው በመስቀል ሰሞን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ደሴቶቹን ሜልተሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ይመታቸዋል፤ ሰዉም ይበዛል፣ አልጋውም ይወደዳል። መስከረም አጋማሽ ላይ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ባሕሩ ግን ገና ሞቃት ነው። ሌላም ምክንያት ነበረን። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱስ ዮሐንስን በዓል ሴፕቴምበር 26 ታከብራለች። ያ ማለት የኛ ደመራ ሰሞን ነው።

ደሴቲቱ ትንሽ ናት፤ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ነዋሪዎቿ 3,000 ያህል ናቸው። ወደቧ ስካላ ትባላለች። ላይ ኮረብታው ራስ ላይ ያለችው ከተማ ደግሞ ኾራ ናት። አንዱን ከአንዱ ለመለየት ወደ ካስቴሊ መውጣት ጠቅሞኛል። ከስካላ በላይ ያለ ኮረብታ ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ የጥንታዊው ምሽግ ግንብ ፍርስራሽ አለበት። ትኬት የለ፣ ጠባቂ የለ። እዚያ ላይ ስትቆሙ በአንድ ወገን ወደቡን፣ በሌላው ወገን የሆክላካስን ባሕረ ሰላጤ ታያላችሁ። ደሴቲቱ ወገቧ ላይ እጅግ ቀጭን ናት። መሬቱ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነው፤ ዳር ዳሩ በሙሉ ወጣ ገባ። ከካስቴሊ የጀመረ ሰው ከዚያ በኋላ አይጠፋም።

ዋሻው ከስካላ ወደ ኾራ በሚወስደው መንገድ መሃል ላይ ነው። በድሮው በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ በእግር ይኬዳል፤ አውቶቡስም በሩ አጠገብ ያቆማል። የአክስቴ ጉልበት ዳገት ስለማይችል በአውቶቡስ ሄድን። ልክ በሩ ሲከፈት ነው የደረስነው። ይሄን አጥብቄ እመክራለሁ። ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ሲገቡ ተጓዦቹ በአውቶቡስ እየተጫኑ በቀጥታ ወደ ዋሻው ነው የሚመጡት። ቦታው ደግሞ ጠባብ ነው። ከዋዜማው የማረፊያችሁን ባለቤት "ነገ መርከብ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም ያውቃሉ።

ከላይ ካለው ሕንፃ ገብታችሁ በደረጃ ትወርዳላችሁ። ከዋሻው ጋር የተያያዘች በቅድስት ሐና ስም የተሠራች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። አለቱ ጣሪያም ግድግዳም ነው። ዝቅ ብሎ አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፤ ዙሪያው በብር ተለብጧል። ሐዋርያው ሲተኛ ራሱን ያሳረፈበት ነው ይላሉ። ከላይ አለቱ ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። በትውፊቱ መሠረት ድምፁ የመጣው በዚያ ስንጥቅ ነው፣ ሦስትነቱም የሥላሴ ምሳሌ ነው። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ነው የሚባል ድንጋይም አለ። ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም፤ ባይፈቀድም ደግ ነው። አክስቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከግድግዳው ሥር ተቀመጠች። ተረኛው መነኩሴ አይተው ዝም አሏት። የአውቶቡሱ ሰዎች መምጣት ሲጀምሩ ራሷ ተነሳችና "በቃኝ፣ ጠግቤአለሁ" አለችኝ።

ከዚያ ወደ ኾራ። እሷ በአውቶቡስ፣ እኔ በእግሬ በጥዶቹ መሃል። የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ከሩቅ ሲያዩት ምሽግ እንጂ ገዳም አይመስልም። በ1088 የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ቀዳማዊ ኮምኔኖስ ደሴቲቱን ለመነኩሴው ለክሪስቶዶሉስ ሰጡ። ያኔ ፍጥሞ ሰው አልባ ነበረች ማለት ይቻላል። ክሪስቶዶሉስ ገዳሙን ሲሠሩ የባሕር ወንበዴ እንደሚመጣ ያውቁ ነበርና ግንቡን ከፍ አድርገው ገነቡት። ከዋናው በር በላይ በወራሪ ላይ የፈላ ነገር የሚደፋበት ቀዳዳ እስከ ዛሬ አለ። ደብረ ዳሞ በገመድ የሚወጣበት አምባ እንዳለው፣ እዚህ ደግሞ አምባውን በእጃቸው ሠሩት። ልዩነቱ ሴቶችም እንገባለን። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግን ግዴታ ነው። ነጠላ የያዘች ሐበሻ ምንም አትቸገርም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። ገዳሙ ጠዋት ክፍት ነው፤ ቀትር ላይ ይዘጋል። ከሰዓት በኋላ የሚከፈተው በአንዳንድ ቀናት ብቻ ነው። እኛ ዋሻውንም ገዳሙንም በአንድ ጠዋት ማዳረስ የቻልነው ማልደን ስለጀመርን ነው።

ውስጥ ሙዚየሙን እንዳታልፉት። ንጉሠ ነገሥቱ ደሴቲቱን የሰጡበት የ1088ቱ ደብዳቤ እዚያ አለ። ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ግን የማርቆስ ወንጌል ነው። ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ላይ ሐምራዊ በተቀለመ ብራና ላይ በብር ቀለም ተጽፏል። ገዳሙ የያዘው 33 ቅጠል ነው፤ የቀረው የመጽሐፉ ክፍል በተለያዩ አገሮች ተበታትኗል። እዚያ ቆሜ የአባ ገሪማን ወንጌሎች አሰብኩ። እነሱም የዚያ ዘመን አካባቢ ናቸው። የኛዎቹ ግን ተቀምጠው የኖሩት እዚያው ገዳማቸው ነው። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት በኩራት ቀና አለች። እኔም ኮራሁ።

ብዙ ጎብኚ ከገዳሙ ወጥቶ በቀጥታ አውቶቡስ ይሳፈራል። እናንተ እንዳታደርጉት። ኾራ ውስጥ ለውስጥ መጠፋፋት ደስ ይላል። ነጫጭ ግድግዳ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ ከላይ ቤት ከቤት የሚያገናኝ ቅስት። ዳር ላይ ሦስቱ የነፋስ ወፍጮዎች ቆመዋል። ከነሱ ሁለቱ የተሠሩት በ1588 ነው። በቅርብ ዓመታት ታድሰዋል።

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ደግሞ ወደ ነቢዩ ኤልያስ ኮረብታ ውጡ። 269 ሜትር ነው፤ ከደሴቲቱ ሁሉ ከፍተኛው። እዚያ ላይ ብቻዬን ነበርኩ። በሰሜን ሳሞስና ኢካሪያ፣ በምሥራቅ ሊፕሲ፣ ወደ ደቡብ ሌሮስ ይታያሉ። ከምሥራቁ ደሴቶች ኋላ ያለው መሬት ቱርክ ነው። ያ መሬት የድሮዋ እስያ ናት፤ ኤፌሶን፣ ሰምርኔስ፣ ጴርጋሞን፣ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ያሉባት።

ራእይን ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ። ይሄ ግን አንድም ቀን አልታየኝም ነበር። በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በዶሚቲያን ዘመን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ95 ገደማ፣ አንድ ሽማግሌ ከመንጋው ተነጥሎ እዚህ ተጣለ። መንጋው ከማዶ ነው። መሃል ላይ ያለው ይሄ ውሃ ነው። ደብዳቤ ጻፈላቸው። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በአዲሱ ምድር ባሕር እንደማይኖር ይጽፋል። ባሕር የሚያምር ነገር ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚጠፋ ሁሌ ይገርመኝ ነበር። ሊቃውንቱ ጥልቅ ትርጓሜ አላቸው፤ እሱ ለነሱ ነው። እኔ ግን ከዚያ ኮረብታ ላይ ሆኜ፣ ለዚህ ግዞተኛ ባሕር ማለት መለየት እንደነበር ተሰማኝ። ስደት ላይ ላለን ሰዎች ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ተራሮችና ደሴቶች ከስፍራቸው ሲናወጡ የሚለውም እንደዚያው። ደሴቶቹ ፊት ለፊት ተደርድረዋል።

ቁልቁለቱን በእግር ውረዱት። ከኾራ እስከ ስካላ በዝግታ ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ድንጋዩ በሰው እግር ለስልሷል፣ ያዳልጣል፤ ሶሉ ቆንጠጥ የሚያደርግ ጫማ ያስፈልጋል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛ ከሆናችሁ ምግብ ቤት ውስጥ "ኒስቲሲሞ" በሉ፤ የጾም ማለታቸው ነው። ባቄላ በቲማቲም፣ የተቀቀለ ቅጠል፣ ክክ ያመጡላችኋል። ኦክቶፐስና ሽሪምፕም ጾም ነው ብለው ሊያቀርቡ ይችላሉ፣ በነሱ ሥርዓት ይበላልና። አክስቴ ፈገግ ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው። በፍስክ ቀን የፍጥሞን የአይብ ኬክ ቅመሱ፤ ከዳቦ ቤት ትኩሱን።

ባሕሩን የተውኩት ለመጨረሻ ነው፣ ግን ከዋሻው ያነሰ ቦታ አልሰጠውም። በደቡብ ምሥራቅ፣ ግሪኮስ ከሚባለው መንደር አጠገብ ካሊካትሱ የሚባል ግዙፍ አለት ከውሃው ዳር ቆሟል። ሰው የፈለፈለው ጎድጓዳ ክፍል፣ የተጠረበ ደረጃ አለበት። ባሕታውያን ይኖሩበት ነበር ይባላል። ማምሻውን ሂዱ፤ ድንጋዩ ወርቅማ ይሆናል። በሰሜን ጫፍ ላምቢ አለ። አሸዋ የለውም፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ጠጠር ነው፣ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይደምቃል። ለመታሰቢያ እየተባለ ብዙ ተወስዶበታልና እጃችሁን ሰብስቡ። ለዋና ከሁሉም የሚበልጠው በደቡብ ያለው ፕሲሊ አሞስ ነው። ደቃቅ አሸዋና ጥላ የሚሰጡ ዛፎች አሉት። ጠዋት ከስካላ ጀልባ ይሄዳል፣ ከሰዓት ይመልሳል። ነፋስ ካለ ጀልባው ይቀራል። ያኔ እስከ ዲያኮፍቲ በታክሲ ሄዶ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር መሄድ ነው። ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ መንገዱ ላይ ጥላ የለም።

አክስቴ አሁን የምትለው "ለጸሎተ ሐሙስ እንመለስ" ነው። በዚያ ቀን አበምኔቱ ኾራ አደባባይ ላይ የአሥራ ሁለት መነኮሳትን እግር ያጥባሉ። ፋሲካችን ከነሱ ጋር ስለሚገጥም ሕማማቱን እዚያ ማሳለፍ ይቻላል። የማረፊያችንን ባለቤት ጠይቄአቸው ነበር። ለሰሞነ ሕማማት አልጋ የሚፈልግ ከገና በፊት ይደውል ብለውኛል።