ከጡጫ እስከ ቁንጥጫ፦ የልጄን እጅ የተከታተልኩበት መንገድ

አራስ ልጅ መዳፉ ውስጥ ጣት ሲገባ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጠያቂ ሁሉ «አወቀኝ!» ይላል፤ ግን አውቆ አይደለም። የመዳፉ ቆዳ ሲነካ ጣቶቹ በደመ ነፍስ ይታጠፋሉ፤ ሪፍሌክስ የሚባለው ይህ ነው። ጭብጡ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ መክሰም አለበት፤ አለዚያ ልጁ በፈቃዱ መያዝና መልቀቅ ይቸግረዋል። ስለዚህ እኔ ይበልጥ የተከታተልኩት አያያዙን ሳይሆን አለቃቀቁን ነው።

ጭብጡን ስፈትሽ ነቅቶ፣ ሳይርበውና ሳያለቅስ በጀርባው አስተኛዋለሁ፤ ፊቱ ወደ ጣሪያ ቀጥ ይላል። አመልካች ጣቴን በትንሿ ጣቱ በኩል አስገብቼ መዳፉን በቀስታ እጫናለሁ፤ ከዚያ ሌላኛውን እጅ። መጀመሪያ ላይ ጭንቅላቱ ዞሮ ሳለ ሞክሬ አንዱ እጅ የደከመ መስሎኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ፊቱ የዞረበት ወገን ክንድ ይዘረጋል፣ የማዶው ይታጠፋል፤ ልዩነቱ የመጣው ከዚያ ነው። የእጁን ጀርባ መንካትም ውጤቱን ያበላሻል፤ ጀርባው ሲነካ ጣቶቹ ይከፈታሉ። ጣት አስይዞ ወደ ላይ ማንሳት ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ መቼ እንደሚለቅ አይታወቅም።

ከ3 ወር በኋላ እጁ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣቱን ውስጥ አድርጎ ከተጨበጠ፣ የሁለቱ እጆች ጭብጥ ከተለያየ፣ ወይም 1 ዓመት ሳይሞላው አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሐኪም ይየው። ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ዕድሜው የሚሰላው ይወለዳል ከተባለበት ቀን ነው።

ፊቱን እንዳይቧጥጥ ተብሎ የሚደረገውን የእጅ ጓንት ነቅቶ ሳለ አወለቅኩት፤ ጥፍሩን ሲተኛ መቁረጥ ይበቃል። የተሸፈነ መዳፍ ምን ይዳስሳል? በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ3 ደቂቃ ያህል፣ አጠገቡ ሆኜ በሆዱ አስተኛው ነበር። ክብደቱ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ጣቶቹ ይዘረጋሉ፣ ትከሻውም ይጠነክራል፤ ትከሻ ካልጸና ጣት አይታዘዝም።

ከ4 ወር ወዲያ የእንጨት ማንኪያ ወይም የተቋጠረ ንጹሕ ጨርቅ ደረቱ ፊት ለፊት እይዝለትና እጠብቃለሁ። እጁ ውስጥ ካስቀመጥኩለት እጁን ዘርግቶ መድረስን አይማርም። 6 ወር አካባቢ አንድ ነገር ይዞ ሳለ ሁለተኛ ስሰጠው የመጀመሪያውን ወደ ሌላ እጁ ያዛውራል።

ቁንጥጫው (ያጠፋ ልጅ የሚቀጣበትን ሳይሆን ትንሽ ነገር በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት ማንሳትን ማለቴ ነው) ከ9 እስከ 12 ወር ይመጣል። ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ እስኪላላ የበሰለ ካሮት ወይም ድንች በአተር መጠን ቆርጬ አንድ በአንድ አቀርባለሁ። ከከመርኩለት በመዳፉ ሰብስቦ ይዝቃል። ሲኒ ውስጥ ሳስቀምጠው ግን እጁ ሙሉ ስለማይገባ አውራ ጣትና አመልካች ጣት ብቻቸውን ይሠራሉ፤ ሲኒው እንዳይሰበር ፕላስቲክ ይሁን። በሁለት ጣት ሲጫኑት የማይፈርስ ምግብ አይሰጥም፤ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ጥሬ ካሮት ያንቃሉ።

መልቀቅ ከሁሉም ዘግይቶ ይመጣል። «ስጠኝ» ብዬ ስጎትት ይበልጥ ያጠብቃል። መዳፌን ከያዘው ነገር ሥር ሳደርግ ወይም ዕቃው ጠረጴዛ ሲነካ ግን ጣቶቹ ይፈታሉ፤ አየር ላይ መልቀቅ ኋላ ነው። ፀጉሬን ሲይዝም መፈልቀቅ ትቻለሁ፤ የእጁን አንጓ ወደ ውስጥ በቀስታ አጠፍ አድርጌ የመዳፉን ጀርባ ስዳብሰው ጣቶቹ ራሳቸው ይላላሉ።