የወፍጮ ቤታችንን ናፍጣ ሞተር በዲናሞ ስቀይር፦ ስንት ፈረስ ስንት ኪሎዋት ነው?

ከለገጣፎ ወጣ ብላ ያለችው ወፍጮ ቤታችን ለዓመታት የሠራችው በናፍጣ ነው። የናፍጣው ወጪ አልቻል ሲል ወደ ኤሌክትሪክ ለመዞር ወሰንኩ። ወፍጮውም ቺንጋውም ደህና ናቸው። የሚቀየረው ሞተሩ ብቻ ነው።

ግን ስንት ኪሎዋት ዲናሞ ይበቃል? የድሮው ሞተር ላይ የተጻፈው 20 ፒኤስ ነው። መርካቶ ስትሄዱ "ባለ ስንት ፈረስ ነው የምትፈልገው?" ትባላላችሁ። ዲናሞው ላይ ያለው ጽሑፍ ደግሞ በኪሎዋት ነው። ለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ሳመለክትም የተጠየቅኩት በኪሎዋት ነው። ስለዚህ ብር ይዤ ከመውጣቴ በፊት ሒሳቡን ቤት ቁጭ ብዬ ጨረስኩ።

የፈረስ ጉልበት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ከጄምስ ዋት የመጣው የእንግሊዞቹ 745.7 ዋት ነው። ጀርመኖች ፒኤስ፣ ጣልያኖች ሲቪ የሚሉት ደግሞ 735.5 ዋት ነው። ይሄኛው ለወፍጮ ቤት ሰው ቶሎ ይገባል፦ 75 ኪሎ ጤፍ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ማለት ነው። የእኛ 20 ፒኤስ በዚህ ሲሰላ 14.7 ኪሎዋት ይመጣል። በእንግሊዞቹ ቢሆን 14.9 ነበር። ዲናሞ የሚሠራው በተወሰነ መጠን ስለሆነ፣ 11፣ 15፣ 18.5 እያለ ነው የሚሄደው፣ ልዩነቱ ለእኛ ምንም አይደለም። 15 ኪሎዋት ልክ ነው።

ገበያ ላይ ግን ካልኩሌተር አላወጣሁም። ከፈረስ ወደ ኪሎዋት ሩቡን መቀነስ፣ ከኪሎዋት ወደ ፈረስ ሲሶውን መጨመር በቂ ነው። ይህቺ ዘዴ ወዲያው ጠቀመችኝ። አንድ ነጋዴ "ወንድሜ፣ ይሄ 20 ፈረስ ነው፣ ዓይንህን ጨፍነህ ውሰደው" አለኝ። ጎንበስ ብዬ አቧራውን በእጄ ጠረግ አደረግኩት። 11 ኪሎዋት ይላል። ሲሶውን ስጨምርበት 15 ፈረስ እንኳን በቅጡ አይሞላም። አመስግኜው ወደ ቀጣዩ ሱቅ አለፍኩ። ቀለሙንና የሰው አፍ ትታችሁ የተለጠፈውን ቆርቆሮ አንብቡ።

ከፍታውንም አስቡበት። እኛ ያለንበት ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ናፍጣ ሞተር የተጻፈበትን ጉልበት እዚህ ሙሉ በሙሉ አይሰጥም። ያ 20 ፒኤስ እኛ ጋ ሲደርስ 20 አልነበረም ማለት ነው። ዲናሞ ለማቃጠል አየር አይፈልግም፤ ነገር ግን የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፍበት ጉልበት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ የሚያገለግል ነው። ስለዚህ እዚህ ጥግ ድረስ ባትጭኑት ይሻላል። ክፍሉ መስኮት ይኑረው፤ የማቀዝቀዣው መሸፈኛ ላይ የሚከማቸው ዱቄት ደግሞ በየጊዜው ይጠረግ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። የተጻፈው 15 ኪሎዋት ዲናሞው ለወፍጮው የሚሰጠው ጉልበት እንጂ ከመስመር የሚስበው አይደለም። ብቃቱ 90 በመቶ ቢሆን የሚስበው ወደ 16.7 ኪሎዋት ይጠጋል። በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ 30 አምፔር ገደማ ነው። ሽቦና ብሬከር የሚመረጠው በዚህ ቁጥር ነው። ሲነሳ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን የዚህን ስድስት ሰባት እጥፍ ይስባል። ኤሌክትሪሻኑ ስታር ዴልታ ማስነሻ የገጠመልን ለዚህ ነው፤ ሲነሳ ከመስመር የሚስበውን ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ታዲያ የመነሻ ጉልበቱም አብሮ ወደ ሲሶ ስለሚወርድ፣ እህል ወደ ወፍጮው የምንለቀው ዲናሞው ሙሉ ፍጥነቱን ከያዘ በኋላ ነው።