በሊዝ ቢት ራፕ ለምታወጡ፦ ያቺን ሳጥን አትንኩ

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ ያለ ምንም ኩባንያ ራፕ አወጣለሁ። የሐበሻ ልጆች «እንዴት ጀመርክ?» ይሉኛል። አጀማመሩስ ቀላል ነው። መኝታ ቤቴ ማይክ ተከልኩ፣ ቢት፣ ማለትም ራፕ የሚባልበትን ሙዚቃ፣ ከኢንተርኔት ገዛሁ፣ ቀረጽኩ፣ በዓመት ክፍያ በሚሠራ አከፋፋይ በኩል ስፖቲፋይና አፕል ሚውዚክ ላይ ጫንኩ። ለሙዚቀኞች የመብት ክፍያ የሚሰበስቡት ድርጅቶች፣ ቢኤምአይ፣ ሳውንድኤክስቼንጅና ኤምኤልሲ፣ ጋ ተመዘገብኩ። ሦስቱ የሚሰበስቡት ገንዘብ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። ቅጽ መሙላት ነው፣ አለቀ።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው፤ ዘፈን ሲጫን ምልክት የሚደረግባት አንዲት ሳጥን።

ቢቱን የገዛሁት በሊዝ ነው፤ የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ያው ቢት ለእኔም ለሌላ ብዙ ሰውም ይሸጣል፤ ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ዘፈኔ ዩቲዩብ ላይ መታየት ሲጀምር «ይህ ሙዚቃ የሌላ ሰው ነው» የሚል ክሌይም መጣብኝ። ከፍቼ ሳይ፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ራፐር ነው። ያንኑ ቢት በሊዝ ገዝቶ፣ ዘፈኑን በአከፋፋዩ በኩል ሲጭን የኮንተንት አይዲ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጓል። ኮንተንት አይዲ ተመሳሳይ ድምፅ ያለበትን ቪዲዮ ራሱ ፈልጎ ለተመዘገበው ሰው ክሌይም የሚያደርግ የዩቲዩብ ሥርዓት ነው። ከዚያ ወዲያ በዚያ ቢት ላይ አፉን የከፈተ ሁሉ ሌባ ነው። የማስታወቂያው ገቢም ለእሱ።

የዩቲዩብ ደንብ ግልጽ ነው፤ ኮንተንት አይዲ ውስጥ የሚገባው ብቸኛ ባለመብት የሆናችሁበት ሥራ ብቻ ነው። ታዲያ የሊዝ ቢት ማን አስገባው? የልጁ አከፋፋይ። ውሉን፣ ደረሰኙን፣ የቢት ሠሪውን ደብዳቤ አያይዤ ጻፍኩላቸው። «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፤ ያው ምስጋና ቃል በቃል ተመለሰ። ስልክ የላቸውም፣ የሰው ስም የላቸውም። ቀበሌ እንኳ «ነገ ተመለስ» የሚልህን ሰው ፊቱን ታየዋለህ። የገዛ አከፋፋዬም «ከቢት ሠሪው ጋር ተነጋገር» ብሎ ገላገለኝ።

ዩቲዩብ ላይ ተቃውሞ አስገባሁ። ባለ ክሌይሙ መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው፤ ዝም ካለ ክሌይሙ ይወድቃል። ዝም አላለም፣ ውድቅ አደረገብኝ። ይግባኝ ልል ስል ጓደኞቼ «ተወው፣ ስትራይክ ይመጣብሃል» አሉኝ፤ ቻናልን ሊያዘጋ የሚችለውን የዩቲዩብ ቅጣት ማለታቸው ነው። ውሉ እጄ ላይ ነበርና ገፋሁበት። በመጨረሻ ክሌይሙ ተነሳ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ክሌይም በደረሳችሁ በ5 ቀን ውስጥ ከተቃወማችሁ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተይዞ ይቆያል፤ ካለፈ ግን ከተቃወማችሁበት ቀን ወዲህ ያለው ብቻ ነው። ይህን የነገረኝ ስላልነበረ ዘፈኑ በጣም የታየበት ጊዜ ገቢ እዚያው ቀረ።

አከፋፋዮች ያቺን ሳጥን «ገቢህን ጠብቅ» እያሉ ይሸጧታል። ቢቱ የሊዝ ከሆነ አትንኳት። አሥር ሊዝ ከመግዛት አንድ ቢት ለሌላ እንዳይሸጥ ጠቅልሎ መግዛት ይሻላል። ያኔም ቀድሞ በሊዝ የገዛው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የእነሱ ውል አብዛኛውን ጊዜ አይሰረዝም።

«በየሳምንቱ ዘፈን ልቀቁ» የሚለውንም አልቀበልም። ስፖቲፋይ ከ2024 ጀምሮ፣ በ12 ወር ውስጥ 1,000 ጊዜ ላልተሰማ ዘፈን አይከፍልም። ሃምሳ ዘፈን በትናችሁ ሃምሳውም ከዚያ በታች ሊቀር ይችላል። አባቱ ኤርትራዊ የሆነው የሎስ አንጀለሱ ራፐር ኒፕሲ ሀስል በ2013 ሚክስቴፑን (የዘፈን ስብስቡን) በኢንተርኔት በነጻ ለቆ፣ ያንኑ 1,000 ኮፒ አሳትሞ አንዱን በ100 ዶላር ሸጧል። እኔ የማምነው በዚህ መንገድ ነው።

አዲሱን ቢት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን ሠራነው። ዘፈኑ ሳያልቅ ድርሻችንን በወረቀት አስፍረን ተፈራረምን። «እኛ መሃል ወረቀት?» ብሎ ቅር ብሎታል። ቅር ይበለው።