ሲሄዱ ዘጠኝ፣ ሲመለሱ ሃያ አንድ

ሐዋሳ ላይ ትኬት ቢሮ የሚሠራ ሰው ከዋጋ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚጠየቀው «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ተብሎ ነው። የዋጋውን ያህል ተጠንቅቆ የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አዛውንት ለባለቤታቸው የዋሽንግተን ትኬት ቆረጡ። ሴትዮዋ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪማቸው የኢንሱሊኑንና የምግቡን ሰዓት ለማስተካከል የጉዞውን ርዝመት አጣርተው እንዲመጡ አዟቸዋል። መስኮቱ ላይ የነበረው ወጣት ባልደረባዬ ትኬቱን አየት አደረገ፤ ከአዲስ አበባ መነሻ 22:30፣ ዋሽንግተን መድረሻ በማግስቱ 08:00።

«ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው አባባ።»

አባባ ግን ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሒሳብ ሳይመረምሩ ኪሳቸው አይከቱም። የመመለሻውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት፤ ከዋሽንግተን 11:00፣ አዲስ አበባ በማግስቱ 08:30። «ሲሄዱ ዘጠኝ፣ ሲመለሱ ሃያ አንድ? በየት በኩል ሊያዞሯት ነው? ይህን ቀይሩልኝ!» ድምፃቸው ከፍ ሲል ከኋላ ካለው ጠረጴዛዬ ተነሣሁ።

ትኬት ላይ የሚጻፈው የየከተማው ሰዓት ነው። በክረምት ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። እዚያ 08:00 ሲሆን እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ማታ 4:30 ተነሥተው በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት የሚደርሱ ከሆነ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ነው። ሐኪሙ በዘጠኙ ቢያዝላቸው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ወጣቱ ቶሎ ገባውና መመለሻውንም በ7 አስልቶ 14 ሰዓት ተኩል አገኘ። ይህም ልክ አልነበረም። መመለሻው ታኅሣሥ ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመልሱ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ትክክለኛው 13 ሰዓት ተኩል ነው። ትኬቱ ላይ አጭር የሚመስለው ጉዞ ረጅሙ፣ ረጅም የሚመስለው አጭሩ ሆነ ማለት ነው።

«መንገዱ አንድ አይደለም እንዴ?» አሉ አባባ።

በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም ያው። ቦሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ተሳፋሪና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል፤ ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ዝቅተኛ ቦታ ላይ በመሆኑ ከዚያ ሞልቶ ይነሣል፤ በዚያ ላይ በከፍታው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላው ይገፋዋል።

ለሐኪሙ ሁሉንም በአዲስ አበባ ሰዓት ጻፍኩ፤ ከሐዋሳ በመኪና ያለውን ወደ 275 ኪሎ ሜትርና ቦሌ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘትንም ጨምሬ። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል አልኳቸው።

አባባ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«መሀል ላይ የሚቆም ከሆነ ቅናሽ የለውም?»

«የለውም አባባ።»

«ታዲያ ነፋሱ የሚገፋበትስ?»