በ«በ» እና በ«ባ» መሃል፦ የካናዳ እንግሊዝኛን እንዴት እንደለመድኩ

«እስኪ አባውት በል!»

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ነን። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ነው። የአክስቴ ልጆች እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። ትልቋ ስልኳን አስቀምጣ አፍ አፌን ታያለች፤ «ስለ» ማለት የሆነችውን የእንግሊዝኛ ቃል (about) በል ማለቷ ነው። አልኩላት። ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ። «አቡት አለ! አቡት!» አክስቴ «ኧረ ተዉት፣ እንግዳ አይደለም እንዴ» ትላለች፤ ሳቁ ግን እሷንም ይዟታል።

እኔ «አቡት» አላልኩም። ይህን በደንብ አውቅ ነበር። ግን ያልኩት ምን እንደሆነ ያን ቀን ማስረዳት አቃተኝ። እንደዚህ ሲሳቅብኝ ደግሞ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ካናዳን የጀመርኩት ከጫፏ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ሴንት ጆንስ ገባሁ፤ አትላንቲክ ላይ ያለችው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ዋና ከተማ። የደሴቲቱን ስም ራሱ ገና ከኤርፖርት ነው ያረሙኝ። ሰዎቹ «ኒውፈንላንድ» ይላሉ፣ መጨረሻዋን «ላንድ» ጫን አድርገው። ቀን እማራለሁ፣ ማታ አንድ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ እሠራለሁ። እንግሊዝኛ አያስቸግረኝም ብዬ ነበር የሄድኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኬ ጠራ። የሆቴሉ ወጥ ቤት የሚሠሩ ሴትዮ ናቸው፤ በእናቴ ዕድሜ ይሆናሉ። «ዌር ያ ቱ?» አሉኝ። ወዴት እየሄድክ ነው ያሉኝ መሰለኝና «ወደ ቤት» አልኩ። ስልኩ ተዘጋ። እሳቸው መኪና አስነስተው ቤቴ ድረስ ነዱ። እኔ ደግሞ ዝናብ እየወረደብኝ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜያለሁ። ለካ የጠየቁኝ «የት ነህ?» ብለው ነው። ዝናቡን አይተው ሊወስዱኝ ነበር ሐሳባቸው።

በማግስቱ ትንሽ ደብተር ገዛሁ። የሰማሁትን ሁሉ በፊደላችን መጻፍ ጀመርኩ። «ዋድያ አት?» ማለት እንዴት ነህ፣ ምን እየሠራህ ነው። «ባይ» የጓደኛ መጠሪያ ነው፣ እንደ እኛ «አንተዬ»። «አይ ላቭስ ኢት»፣ «አይ ኖውስ» ይላሉ፤ ትምህርት ቤት ቢሆን በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዝ ነው። ሱቅ ስትገባ ሻጯ «ማይ ላቭ» ትልሃለች። በመጀመሪያው ቀን ደነገጥኩ። ከዚያ «የኔ ዓለም»፣ «የኔ ጌታ» እየተባለ ያደገ ሰው ምን ያስደነግጠዋል ብዬ አሰብኩ። እንዲያውም ብርዱን ያስረሳኝ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ደረቴን ቀለል አደረገልኝ። እኛ ሐበሾች «ዚስ»፣ «ዛት» ስለምንል ሁሌ እንሸማቀቃለን። እዚያ ብዙ ሰው «ዲስ»፣ «ዳት» ይላል። ሦስት ቁጥርን «ትሪ» የሚሉ አሉ። አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ፣ አያት ቅድመ አያታቸው በእንግሊዝኛ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ምላስን በጥርስ መሃል አውጥቶ የሚነገረውን ያንን ድምፅ ሳያወጡ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተናግረው፣ ተጋብተው፣ ልጅ አሳድገዋል።

አነጋገሩ ከየት እንደመጣም ጠየቅኩ። የደሴቲቱ ሰፋሪዎች በብዛት የመጡት ከሁለት አካባቢ ነው፦ ከደቡብ ምሥራቅ አየርላንድ፣ በተለይ ከዋተርፎርድ ዙሪያ፣ እና ከደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዴቨንና ከዶርሴት። ዓሣ እያጠመዱ በየባሕሩ ዳርቻ ተራርቀው ስለኖሩ አያቶቻቸው ይዘውት የመጡት ብዙ ነገር ሳይጠፋ ቆየ። ካናዳን የተቀላቀሉትም ገና በ1949 ነው። በ1982 የታተመ የራሳቸው መዝገበ ቃላት አላቸው፤ ወፍራም ነው፣ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ያየሁት መጽሐፍ ነው።

በ2012 ለሥራ ቶሮንቶ ገባሁ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሳልርቅ ክፍል ተከራየሁ። ሥራው የስልክ ነበር፤ ደንበኛ ማስተናገድ። በመጀመሪያው ወር ስብሰባ ላይ «አይ ኖውስ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። «ኒውፊ!» አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ሙድ መያዣ ሆንኩ። ጥቁር ሰው፣ የሐበሻ አክሰንት፣ በላዩ ላይ የኒውፋውንድላንድ ቃላት፤ ለእነሱ ትርዒት ነበር። አለቃዬ ለብቻዬ ጠርታ ደንበኛ በቁም ነገር እንዲያይህ ከፈለግህ አነጋገርህን አስተካክል አለችኝ።

«ኒውፊ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። በኒውፋውንድላንድ ሰው ላይ የሚቀለዱ ብዙ የካናዳ ቀልዶች አሉ፤ ሁሉም ሰውየውን ሞኝ የሚያደርጉ። ቃሏን ራሳቸው በኩራት የሚጠሩባት የደሴቲቱ ልጆች አጋጥመውኛል። ሲሰሟት ፊታቸው የሚለዋወጥም አጋጥመውኛል። ስለዚህ እኔ አልጠቀምባትም። ያኔ ግን ቀልዶቹ ሲወሩ አብሬ ሳቅኩ። በዝናብ መኪና አስነስተው ፍለጋ የወጡልኝ ሴትዮ በሚናገሩበት አነጋገር ላይ ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በስድስት ወር አጠፋሁት። ማታ ማታ ድምፄን በስልክ እየቀዳሁ የሥራ ባልደረቦቼ እንደሚናገሩት እስኪሆን ደጋግሜ አልኩት። የከተማዋን ስም «ትሮኖ» ማለት ለመድኩ፤ ሁለተኛዋን «ት» ይውጧታል። ይቅርታን «ሶሪ» አልኩ፣ አሜሪካኖቹ «ሳሪ» የሚሏትን። «ኤይ» የምትለዋ ለእኔ ቀላል ነበረች። «ብርድ ነው፣ ኤይ?» ማለት «ብርድ ነው፣ አይደል?» ማለት ነው፤ እኛ ያለ «አይደል» ወሬ መቼ እንጀምራለን። አሜሪካኖቹ «ዚ» የሚሏትን ፊደል ካናዳውያኑ «ዜድ» ይሏታል፤ እሷንም ከአገር ቤት ይዤያት መጥቻለሁ፤ አንደኛ ክፍል «ዜድ» ነው ያስተማሩን። አሁን ማንም አይስቅብኝም ብዬ አረፍኩ።

ከዚያ ነው ሲልቨር ስፕሪንግ የሄድኩት። ቡና ቤት ገብቼ «ደብል ደብል» አልኩ፤ ሻጩ አፈጠጠብኝ። ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር ማለቴ ነው፤ ቶሮንቶ ሕፃንም ያውቃታል። ቤት ስመለስ ደግሞ «አባውት በል» መጣ። ቶሮንቶ ላይ ትክክለኛው ነው ተብዬ የተማርኩት ድንበር ሲሻገር መሳቂያ ሆነ። የሳቁብኝ የቶሮንቶ ልጆች ሲልቨር ስፕሪንግ ቢመጡ ሳሎን ውስጥ ከእኔ ጎን ነበር የሚቀመጡት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ደብተሬን አወጣሁ። የአክስቴን ልጅ ድምፅና የራሴን ድምፅ ቀድቼ ነበር፤ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማኋቸው። የሷን ጻፍኩ፦ «አባውት»። የእኔን ስጽፍ እጄ ራሱ ቆመ፦ «አበውት»። ራብዕና ግዕዝ! እሷ «ባ» ስትል እኔ «በ» ብያለሁ። «ቡ» የለችበትም።

እስኪነጋ ሁለት ዓምድ ሞላሁ። «አውት» በአሜሪካኖቹ፣ «ኧውት» በካናዳውያኑ። «ሃውስ» እና «ኸውስ»፤ በእኛ ፊደል ሀ እና ሃ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ኸን ተዋስኩ። «ላውድ» ላይ ግን ካናዳውያኑም «ላ» ነው የሚሉት። «ናው» ላይም «ና»። ለምን? ጣቴን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ ሞከርኩት። ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ጉሮሮ የማታነዝር ከሆነች፣ እንደ ት፣ ስ፣ ፍ፣ አናባቢው ግዕዝ ይሆናል። የምታነዝር ከሆነች፣ እንደ ድ፣ ዝ፣ ቭ፣ ወይም ምንም ካልተከተለ፣ ራብዕ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ቢላዋ አንድ ሲሆን «ነይፍ»፣ ሲበዛ «ናይቭዝ»። ጸሐፊና ጋላቢን ደግሞ ሞክሩ። መሃል ያለችው «ት» ወደ «ድ» ስለምትጠጋ የሚለያዩት በመጀመሪያ ፊደላቸው ብቻ ነው፦ «ረይደር» እና «ራይደር»።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ለካ ስም አለው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ምሁር ጃክ ቼምበርስ በ1973 «ካናዲያን ሬይዚንግ» (የካናዳውያን አናባቢን ከፍ ማድረግ) ብለውታል። ከዚያ በፊት በ1942 ሌላ የቋንቋ ምሁር፣ ማርቲን ጁስ፣ ጽፈውበታል። የ«ነይፍ» ዓይነቷን ብዙ አሜሪካኖችም ይሏታል፣ ስለዚህ አይስቁባትም። የ«አበውት» ዓይነቷ ግን ለብዙዎቹ እንግዳ ናት፤ ጆሯቸው የሚያውቀው ቅርብ ድምፅ ላይ ይጥላትና «አቡት» ትሆናለች። እኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ «በ ቡ ቢ ባ» እያልን ስለጮህን ቦታ አላት። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልግለጸው። ጠዋት አክስቴ ቁርስ ስታቀርብ ደብተሩን ዘርግቼ ለልጆቹ አሳየኋቸው። ፊደል አያነቡም ነበር። «በ» እና «ባ»ን ያን ጠዋት ቆጠሩ። ትልቋ ደግማ ደጋግማ አለቻቸው፤ በመጨረሻ «እውነትህን ነው፣ ቡ አይደለም» አለችኝ።

ስለዚህ ለአዲስ ገቢ የምመክረው ፊደላችሁን ተጠቀሙ ነው። የሰማችሁትን እንጂ የእንግሊዝኛውን አጻጻፍ አትከተሉ። ድምፃችሁን ቅዱና ከሰው ድምፅ ጎን አድርጋችሁ ስሙት። ሲሳቅባችሁ ደግሞ ማን እንደሚስቅ ለዩ። የአክስቴ ልጆች ሲስቁ ቡናዬን እየሞሉልኝ ነው። ስብሰባ ላይ የሳቁት ግን ከዚያ በኋላ ሐሳቤን አልሰሙም። ለመጀመሪያዎቹ ደግሜ አልኩላቸው። ለሁለተኞቹ ዛሬ ቢሆን ዝም ብዬ ዓረፍተ ነገሬን እጨርስ ነበር። ከሞንትሪያል የመጣች ባልደረባዬ ፓሪስ ውስጥ በገዛ ቋንቋዋ በፈረንሳይኛ ስታዝ በእንግሊዝኛ ይመልሱላት እንደነበር አጫውታኛለች። እሷም በፈረንሳይኛዋ ትቀጥል ነበር።

ቶሮንቶ የጣልኩትን የሴንት ጆንስ አነጋገር ግን መልሼ ፈለግኩት። የመጀመሪያዋን ደብተር ካርቶን ውስጥ አገኘኋት፤ ዝናብ የነካቸው ገጾች ጠርዛቸው ተጨማዷል። ለሴትዮዋ ስልክ መደወል ጀመርኩ፣ በወር አንዴ ሁለቴ። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሻንጣዬን እየጠበቅኩ ሳለ ስልኬ ጠራ።

«ዌር ያ ቱ፣ ማይ ላቭ?»

ሻንጣ መውጫው ጋ፣ በሩ አጠገብ፣ አልኳቸው።

«ስቴይ ዌር ዩር ቱ፣» አሉኝ፣ «ቲል አይ ካምስ ዌር ዩር አት።»

ካለሁበት ሳልነቃነቅ ጠበቅኳቸው።